ፔዳል የማይነካው መምህር

ሰኞ 4፣ ምሳ ሰዓት፣ መኪናው ውስጥ

ጉድ! ጠዋት ጸሐፊዋ «አዲስ ሠልጣኝ ተመድባልሃለች» ብላኝ ወደ ግቢው ስወጣ መኪናዬ አጠገብ ማን ቆማ ባገኝ ጥሩ ነው? ሚስቴ! ካገባኋት ሃያ ሦስት ዓመት የሆነኝ ሚስቴ፣ የምዝገባ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ። ከአንድ ሰዓት በፊት አልጋ ሥር ገብታ ካልሲዬን ስትፈልግልኝ የነበረች ሴት «እንደምን አደሩ፣ መምህር?» አለችኝ። በ«እርስዎ»! ጸሐፊዋ በመስኮት እያየች በሳቅ ትንፈራፈራለች። «ደኅና አደርሽ፣ ሠልጣኝ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ለዓመታት «መንዳት አስተምረኝ» ስትለኝ «ጊዜ ሳገኝ» እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ጊዜ ማግኘት አለማግኘቴን ሳትጠይቅ በዋናው በር ገባች።

ማታ የጨመርኩት፦ ምክንያቱን ነገረችኝ። እሷ አዋላጅ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያቸው አንድ አነስተኛ አምቡላንስ ደርሶታል፤ ሾፌር ግን የለም። ኃላፊው «ወሩ ሳያልቅ መንጃ ፈቃድ ላወጣች አዋላጅ የተራራውን ሥራ እሰጣታለሁ» ብሏል። እላይ ያለች ወላድ ምጥ ሲይዛት ሚስቴ ራሷ እየነዳች ልትወጣ ነው፤ በዝናቡም በጭጋጉም። የተራራው መንገድ አሥራ ዘጠኝ ኩርባ አለው። የቆጠርኩት ፈርቼ አይደለም፤ መምህር ስለሆንኩ ነው።

ደስ ብሎኛል። ልቤ ጮቤ እየረገጠ ነው። መቀመጫውን ወደ ፊት ስትስብ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ሲወድቅ አይቼ እንደ ጎረምሳ ደነገጥኩ እኮ!

ረቡዕ 6

የመጀመሪያው ትምህርት። መሪውን የያዘችው አሁን እንደተወለደ ሕፃን ነው፤ አንገቱን ደግፋ ማለት ይቻላል። እኔ እንደ ወትሮዬ ዘና ብዬ ተቀመጥኩ። ከመምህሩ ወንበር ፊት አንድ የፍሬን ፔዳል አለ፤ ሠልጣኙ ሲስት መምህሩ የሚረግጠው። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልጨነቀኝ በቀር አልነካውም። ሠልጣኝ እንዲተማመን ነው። ባልደረቦቼ «ሱልጣኑ» የሚሉኝም ለዚህ ነው፤ እግሬን አነባብሬ ስለምቀመጥ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ያለውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ በድንገት ጉልበት አጣ። ነዳጁን ረገጠች፤ መኪናው ግን «እህ» ብሎ ተንፍሶ ይንፏቀቅ ጀመር። ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካንማ መብራት በራ፤ በሁለት ቅንፎች መሃል የታሰረች ትንሽ መብረቅ። በዚህ መኪና አራት ዓመት ሳስተምር አይቻት አላውቅም።

«መምህር፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«የነዳጁ ፔዳል ከሞተሩ ጋር የሚነጋገረው በኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሳይግባቡ ሲቀሩ ይቺ ትበራለች፤ መኪናውም ለደኅንነቱ ሲል ጉልበቱን ይቀንሳል።»

«እንደ ባልና ሚስት በሉኛ!»

አጥፍተን ስናስነሳው ዳነ። እስከ ግቢው ድረስ ስንስቅ ገባን።

ዓርብ 8፣ በሩጫ

እንደገና በራች። አደባባዩ መሃል። ከኋላ ጥሩምባ በጥሩምባ። እሷ መስኮቱን ከፍታ «ምጥ ላይ ነው፣ ታገሡን!» ብላ ጮኸችባቸው። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሪው ላይ ተደፋ።

ዳቦ አከፋፋዩ ከኋላችን ነበር። ስንቆም መጥቶ «ሱልጣኑ፣ የፍሬን መብራትህ አይጠፋም እንዴ? ከዳገቱ እስከ አደባባዩ ቀይ በቀይ ሆነህ ነው የሄድከው» አለኝ። የአምፖሉ ነገር ይታይ።

ቅዳሜ 9

መኪናውን ወደ ኤሌክትሪሽያኑ ወሰድኩት። «ቀስ በል» ነው የምንለው። ምንም ነገር ከመናገሩ በፊት «ቀስ በል» ይላል፤ ከዚያ ራሱ ቀስ ይላል፣ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ። ለሞተሩ አየር የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክዳን ፈትቶ አጸዳ። ጥቀርሻ አወጣ። ነድቶ ሞከረው፤ መኪናው እንደ ፈረስ ሰገረ። አምፖሎቹንም አየ፤ ደኅና ናቸው።

«ቀስ በል… ምንም የለውም» አለ።

በደስታ ልስመው ነበር።

ማክሰኞ 12

ጠዋት ጡረታ የወጣውን የሒሳብ መምህር ይዤ ወጣሁ። ሰውየው ከኩርባ ጋር ጠብ ያለው ይመስል በቀጥታ ነው የሚሄድበት። አንድ ውሻና አንድ የቆሻሻ ገንዳ ለጥቂት ተረፉ። እኔ እግሬን አነባብሬ ስለ ጡረታው አጫወትኩት። መብረቋ የለችም።

ከሰዓት ሚስቴን ይዤ ወጣሁ። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ባዶ፣ አንድ ድመት እንኳ የሌለበት። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ብልጭ! መኪናው ሞተ ከሚባል ደረጃ ደረሰ።

«እኔን አይወደኝም» አለች፤ እየሳቀች፤ ግን ሳቋ ከበፊቱ ቀነስ ብሎ።

ማታ ቀኝ ባቴ ተሳስሮ ከወንበር መነሳት አቃተኝ። በዘይት አሸችልኝ። «ይህን ሁሉ ጡንቻ ምን ስትሠራበት ዋልክ? ድንጋይ ሆኗል እኮ!» አለች። ዕድሜ ነው አልኳት። እጇ ግን… እንኳን ታመምኩ! እሷ ደግሞ እያሸች ዛሬ የተማረችውን በለሆሳስ ትደግማለች፦ መስታወት፣ ምልክት፣ ትከሻ። መስታወት፣ ምልክት፣ ትከሻ። እንዲህ የምትጥር ሠልጣኝ በሃያ ሁለት ዓመት አላየሁም።

ሐሙስ 14

የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ባለፈው ወር የተቀየረው! ቀስ በል ሸራውን በጣቱ አሻሽቶ ረጅም ጊዜ አየኝ። የዘንድሮ ዕቃ ጥራት የለውም አልኩት።

መንገዱን ትታ አንዴ ዘወር ብላ ብታየኝ እላለሁ። አታይም። ዓይኗ ከመንገዱ አይነቀልም። ልክ ናት። እኔ ነኝ መንገዱን ትቼ እሷን የማየው።

ቅዳሜ 16

ቀስ በል ዛሬ ኮምፒውተሩን ሰካበት። መኪናው ያየውን ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል ለካ! «ቀስ በል… ፍሬንና ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተረግጠዋል ይላል። አሥራ አራት ጊዜ። ሁለቱ አብረው ሲረገጡ ማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። ፍሬኑን ይሰማና ሞተሩን ጉልበት ይነሳዋል።»

ተገኘ! በሁለት እግሯ እየነዳች ነው! ጀማሪ ሁሉ ይሠራዋል። አውቶማቲክ መኪና ስለሆነ ግራ እግር ሥራ የለውም፤ ሥራ ፈት እግር ደግሞ ፍሬን ላይ ይወጣል። እየሮጥኩ ቤት ገብቼ አበሠርኳት።

«በግራዬ? እኔ? እግሬን ሳላውቀው?»

«ሰው የገዛ እግሩን ላያውቀው ይችላል» አልኳት፤ እንደ ትልቅ ሊቅ።

ፊቷ ቅጭም አለ። «እሺ፣ መምህር» አለች። ቤት ውስጥ ነበርን።

ሰኞ 18

ግራ እግሯን በአንገት ሻርፗ ከወንበሩ እግር ጋር አሰረችው። ሁለት ጊዜ ቋጠረችው፤ አዋላጅ ስትቋጥር ደግሞ ይታወቃል። በሳቅ ፈነዳሁ። እሷ አልሳቀችም።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ መብረቋ በራች።

መኪናውን ጥግ አስይዛ ሻርፑን ፈታችና እጥፍጥፍ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ግራዬም ታስሮ ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ ማለት ነው» አለች።

ማክሰኞ 19

ጠዋት ለኃላፊው የጻፈችውን ደብዳቤ ሰጠችኝ። የታሸገ አይደለም። «እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም፤ የተራራው ምድብ ለሌላ ይሰጥልኝ» ይላል። ጤና ጣቢያው መንገዴ ላይ ስለሆነ እኔ እንዳደርስላት። እሷ በአካል ሄዳ መስጠት አፈረች።

ሃያ ዓመት ሰው ስታዋልድ እጇ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ ሴት፣ «እጄ» ብላ ጻፈች።

ረቡዕ 20

ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው። ዝናብ ስለነበረ አላደረስኩም።

ቀስ በል ግቢው ድረስ መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ «ቀስ በል… ጫማህን አሳየኝ» አለ። ቀኙን። አውልቄ ሰጠሁት። ገልብጦ ወደ ብርሃን አዞረው። ሶሉ ላይ አምስት ጎርባጣ መስመር ታትሟል። ከዚያ በመምህሩ በር በኩል ጎንበስ ብሎ የኔን ፔዳል አሳየኝ፤ ጎማው አምስት መስመር አለው።

«ጫማው አሮጌ ነው» አልኩ።

«ግራውም እኩያው ነው» አለና ሄደ።

ሰውየው አብዷል! ሃያ ሁለት ዓመት! ሱልጣኑ ነኝ እኮ!

ሐሙስ 21

ብልሃት መጣልኝ። የቀስ በልን አፍ ለማዘጋት። ብስኩት ገዛሁ፤ ጫና የማይችል፣ ስስ ዓይነት። አንዷን በክር የኔ ፔዳል ላይ አሰርኩና የሒሳብ መምህሩን ይዤ ወጣሁ። ሰውየው ዛሬ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። ተመልሰን ብስኩቷን ፈታሁ፤ ደኅና ናት! ጫፏ እንኳ አልተቆረሰም። በላኋት። ድል!

ሚስቴን «ነገ አንድ የመጨረሻ ትምህርት፣ ፎርሙን ለመዝጋት» ብዬ ለምኛታለሁ። እሺ ብላለች።

ዓርብ 22

ዛሬ ፔዳሉ ላይ ያሰርኩት ብስኩት ከግቢው በር ሳንወጣ ዱቄት ሆነ።

ሲደቅ ሰማሁት። ቀጭ አለ፤ እግሬ ሥር። እሷ «ምንድን ነው?» አለች። «ጠጠር ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ቀኝ እግሬን እያየሁት ሄድኩ። አንሣው አልኩት። ተነሳ። አንዲት ሕፃን ልጅ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር፤ መንገዱን ልትሻገር እንኳ አላሰበችም። ሚስቴ ከኔ ቀድማ አይታታል፤ ፍጥነቷን ቀንሳለች። እግሬን ሳየው ፔዳሉ ላይ ተመልሷል። ሳልልከው! የማን እግር ነው ይሄ?

መብረቋ በራች። ሚስቴ መኪናውን ጥግ አስያዘች። ሞተሩን አጥፍታ አስነሳችና ወደ ግቢው መለሰችን።

ቅዳሜ 23

እውነቱን እዚህ ላይ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ? ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጃለሁ። ልሰጠው። ከሰጠሁት ተራራው ቀረ፤ ጭጋጉ ቀረ፤ አሥራ ዘጠኙም ቀረ። ማታ ማታ ከጎኔ ትተኛለች። ማንም አያውቅም፤ ቀስ በል እንደሆነ አውርቶ እስኪጨርስ ዓመት ይፈጅበታል።

በሩ ላይ ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ ያወራሉ። ትናንት ከተራራው አንዲት ወላድ በቃሬዛ አምጥተዋታል። ስድስት ሰዓት በእግር። ለጥቂት ነው የተረፈችው።

«ወሩ ሲያልቅ እንዲህ ያለው ነገር ያበቃል» አለ ዘበኛው። «የኛ አዋላጅ መንዳት እየተማረች ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከባሏ ነዋ! ከሱልጣኑ። እሱ እኮ ፔዳል አይነካም።»

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ በዝናብ፣ እስከ ቤት።

እሁድ 24

ግቢ ውስጥ የሥራ ልብሷን ስታሰጣ አገኘኋት። በአንድ እጄ ደብዳቤውን፣ በሌላው የተደቀቀውን ብስኩት በወረቀት ይዤ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብስኩት ነበር።»

ነገርኳት። ሁሉንም፤ የፍሬኑን መብራት፣ ሸራውን፣ ሶሉን፣ የሒሳብ መምህሩን ብስኩት መብላቴን ሳይቀር። መጀመሪያ ሳቀች። ገመዱን ይዛ፣ ልብሱ እላይዋ ላይ እስኪረግፍ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «ባትህን! ባትህን አሽቼልህ!» እያለች። እኔም ሳቅኩ። ደኅና ሆነ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ አቆመች።

«እግሬን በሻርፕ አሰርኩ» አለች። «አውቀህ ነው?»

«አላወቅኩም። ከዓርብ ወዲህ ግን አውቃለሁ።»

«ዛሬ እሁድ ነው።»

ፈራሁ አልኳት። ምኑን አለችኝ። ኩርባዎቹን፣ አሥራ ዘጠኙንም፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ እኔ አጠገብሽ የሌለሁበትን አልኳት።

«አንተ ሃያ ሁለት ዓመት በየቀኑ መንዳት ከማይችል ሰው ጎን ልትቀመጥ ስትወጣ በር ላይ ቆሜ ሸኘሁህ» አለች። «እኔ የማንን ፍሬን ረግጬ አውቃለሁ?»

ደብዳቤውን ተቀብላኝ ከእርጥቡ ልብስ ጋር በልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። ቀለሙ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ስንት ጊዜ ነው ይህች ሴት በሩ ላይ ቆማ ያየችኝ? አንድ ቀን እንኳ «ተጠንቀቅ» ብላኝ አታውቅም። «ምሳህን እንዳትረሳ» ነበር የምትለኝ። እኔ ደግሞ ስለ ምሳው ብቻ መስሎኝ! ደንቆሮ ነኝ።

እራት ላይ «ጨው ያቀብሉኝ» አለችኝ። በ«እርስዎ»። ይገባኛል።

ሰኞ 25

ፎርሙ አልተዘጋም! ጠዋት መኪናው ጋ ስደርስ ቀድማኝ ቆማለች።

«ጫማዎትን ያውልቁ። ሁለቱንም። የኋላው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ። አሁን እግርዎትን ወንበሩ ላይ ያውጡ፣ ያነባብሩ። ሱልጣን አይደሉ?»

በካልሲ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር ደርሶ፣ ተቀመጥኩ። ግራ ካልሲዬ ቀዳዳ ነው። ነዳች። ዳገቱን! ዳቦ ቤቱን አልፈን፣ አደባባዩን ዞረን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ! መኪናው ይዘፍናል! እኔ በሁለት እጄ ቁርጭምጭሚቴን ይዤ እጮኻለሁ፤ በደስታም በድንጋጤም። ዳቦ አከፋፋዩ ከኋላ ጥሩምባውን እያስጮኸ «መብራትህ ጠፋ! ጠፋ እኮ!» ይላል። «እሰይ!» አልኩት በመስኮት።

ዳገቱ አናት ላይ አቁማ ወደኔ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«ካልሲህ ተቀዷል» አለች። በ«አንተ»!

ረቡዕ 27

ነገ ፈተና። ዛሬ ሦስት ሰዓት ነዳች። መብረቋ የለችም። ባቴም ድኗል፤ ያ ግን ትንሽ ከፍቶኛል።

ሐሙስ 28፣ አጥሩ ላይ ተደግፌ

ፈታኙ በኔ ቦታ ገባ። ረጅም ሰው ነው፤ እግሩ ፔዳሉ አጠገብ ነው። አንሣው! አንሣው አንተ ሰው! አጥር ማዶ ሆኜ ማን ይሰማኛል? ቀስ በል ከጎኔ ቆሟል። የኋላውን መብራት ብቻ እያየሁ ነው። ጠፍቷል። ጠፍቷል። የቁም ምልክቱ ጋ በራ። ጠፋ። ዳገቱ። ጠፍቷል! እየወጣች ነው! በጉልበት!

«ቀስ በል…» አለ ቀስ በል። «አልፋለች።»

አቀፍኩት። አነሳሁት። ሰውየው ከባድ ነው።

ማክሰኞ 3፣ አዲስ ወር፣ ጠዋት

ሊነጋጋ ሲል ስልኳ ጮኸ። ከተራራው። ጃንጥላ ይዤ እስከ ጤና ጣቢያው በር ሸኘኋት። አምቡላንሱ ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ መስታወቷን አስተካከለች።

«ልምጣ?» አልኳት፤ እንደማትሻ እያወቅኩ።

«ያንተ ወንበር የወላዷ ነው» አለች። ከዚያ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ጉንጬን ዳበሰችኝ። «ምሳህን እንዳትረሳ።»

ከበሩ የመጀመሪያው ኩርባ ይታያል። ቆሜ አየሁ። ዝናቡ ውስጥ የኋላው ቀይ መብራት አንዴ በራ፤ ልክ ሊበራ በሚገባው ቦታ ላይ፤ እኔ ብሆን የምረግጥበት ቦታ። ጠፋ። ታጠፈች።

ልመለስ ስል አልተንቀሳቀስኩም። ቀኝ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃው ውስጥ ገብቷል፤ ግራውን ግን ጭቃ አልነካውም። ዘበኛው ሳቁን እያፈነ እጄን ይዞ ጎተተኝ። እግሬ ወጣ፤ ጫማው እዚያው ቀረ። ተወው አልኩት። በአንድ ጫማ፣ ጃንጥላውን እያሽከረከርኩ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ቤት ገባሁ።

ከምሳ በፊት ደወለች።

«ሴት ናት። እናትየውም ደኅና ናት። ስማኝ ደግሞ፣ ኩርባዎቹ አሥራ ስምንት ናቸው። አንዱን ሁለቴ ቆጥረኸዋል።»